የአሮጌውን ቮልስ ክራንክ ሻፍት ከመለወጥዎ በፊት



በዚህ ሳምንት የምንጫወተው ስለ አንድ ብረት ነው። ርዝመቱ ከአንድ ክንድ አይበልጥም፤ መልኩም የሚያምር አይደለም፤ እዚህም እዚያም የታጠፈ ዘንግ ነው። ስሙ ክራንክ ሻፍት ይባላል። «እኔ መኪና የለኝም፤ ይህ ምን ያደርግልኛል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ላስታውስዎ። በዘመድ ቤት መኪና ሲበላሽ ወደ ጋራዥ የሚላከው ማን ነው? ተማሪው ወይም አዲስ ሥራ የያዘው ልጅ ነው። «አንተ ተምረሃል፤ እስቲ ከመካኒኩ ጋር ተነጋገር» ይባላል። እሱም ሄዶ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፤ ምንም ሳይገባው ይመለሳል። ገንዘቡ ግን ይወጣል።

አዳማ የጋራዥ ከተማ ናት። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ጭነት አብዛኛው በርሷ በኩል ስለሚያልፍ በመንገዱ ዳር የሚጠግነውና የሚጠገነው ብዙ ነው። ከከባዶቹ መኪናዎች መካከልም ጀርባው እንደ ኤሊ የጎበጠ አሮጌ ቮልስ ሞተሩ ወርዶ ተቀምጦ ይታያል። ነገሩ በሞጆም ሆነ በመቂ፣ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ ያው ነው። አባት በወጣትነታቸው የገዙት መኪና ማንኳኳት ጀመረ፤ መካኒኩም ሞተሩን ከፈተና «ክራንክ ሻፍቱ አልቋል፤ ሌላ ይምጣ» አለ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «የትኛው?» የሚል ነው። ለአንድ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ይህ ጥያቄ የብዙ ወር ቁጠባ የሚያስከፍል ስለሆነ በመላ ምት ሊመለስ አይገባውም።

ቮልስ ዛሬ በፋብሪካ አይሠራም። በጀርመን አገር የኤምደን ፋብሪካ ሥራውን ያቆመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ሲሆን፣ የመጨረሻው መኪና ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣው በ2003 ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። በአገራችንም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ከለከለ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ የማቈየቱ ነገር ይበልጥ የሚታሰብበት ሆኗል። እንግዲህ በገበያ የሚገኘው ክራንክ ሻፍት ወይ ከሌላ ሞተር የወጣ አሮጌ ነው፣ ወይ ሌሎች ፋብሪካዎች አስመስለው የሠሩት አዲስ ነው፣ ወይም ዕድል የቀናው ሰው በአንድ መደብር ጥግ ተረስቶ የቈየ የጥንቱን ዕቃ ያገኛል። ሦስቱም በወረቀት ተጠቅልለው ሲመጡ ይመሳሰላሉ። ልዩነታቸውን የሚናገረው መለኪያ ብቻ ነው።

ከመለኪያው በፊት የብረቱን ሥራ እንወቅ። በበረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፋውን ሰው ይመልከቱ። እግሩ መርገጫውን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያደርግ የስፌት መኪናው ጎማ ክብ ይዞራል። ይህን የላይና ታች እንቅስቃሴ ወደ ክብ ዙረት የሚለውጠው ከጎማው ጋር የተያያዘው ጠማማ ብረት ነው። በቮልስ ሞተር ውስጥ መርገጫዎቹ አራት ፒስቶኖች ናቸው፤ የሚያገናኙት ዘንጎች ባለጋራዦች ከጣሊያን ቋንቋ በወረሱት ስም ቢየላ ይባላሉ፤ የሚዞረው ጠማማ ብረት ክራንክ ሻፍቱ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3600 ጊዜ ሲዞር ክራንክ ሻፍቱ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ያህል እየዞረ ለምን አይነድም? አንገቶቹ፣ ማለት የሚዞርባቸው ክብ ቦታዎች፣ ብሮንዚና በሚባለው ለስላሳ ብረት ውስጥ ሆነው በዘይት ላይ ስለሚንሳፈፉ ነው። በቢየላው አንገትና በብሮንዚናው መካከል ያለው ክፍተት ሞተሩ ደኅና ሳለ ከ0.02 እስከ 0.07 ሚሊሜትር ነው፤ ይህም ከአንድ የራስ ጠጕር ውፍረት ብዙ አይበልጥም። በዚህ ጠባብ ቦታ ዘይቱ ሲጨመቅ ብረት ከብረት ሳይነካካ ይዞራል።

አሁን ወደ ስምጥ ሸለቆ አቧራ እንምጣ። አዳማ ነፋስ የማያጣት ከተማ መሆኗን በኰረብታዎቹ ላይ የተተከሉት የነፋስ ኀይል ማመንጫዎች ይመሰክራሉ። ነፋሱ አቧራ ያነሣል፤ አየር ማጣሪያው ችላ ከተባለ አቧራው ወደ ሞተሩ ይገባና ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የአሮጌው ቮልስ ሞተር ደግሞ የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ የዘይት ማጣሪያውም የሽቦ ወንፊት እንጂ እንደ ዘመናዊዎቹ የወረቀት ማጣሪያ አይደለም። ደቃቁ አቧራ በወንፊቱ ያልፋል፤ አንገቶቹንም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል። በዚህ ላይ ሙቀቱ አለ። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙም 700 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣሉ። ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል።

ተማሪ አንባቢዎቼ ይህችን የፊዚክስ ነገር ይያዟት። በጠባብ ክፍተት ውስጥ የሚያመልጠው ዘይት የሚያድገው በክፍተቱ ልክ ሳይሆን በክፍተቱ ሦስተኛ ርቢ ልክ ነው። ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን የሚያመልጠው ዘይት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ የመሰለ መበላት የዘይቱን ግፊት በአንድ ጊዜ ይጥለዋል፤ ሞተሩ ሲሞቅና በዝግታ ሲዞር የዘይቱ መብራት ብልጭ ድርግም የሚለውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» ማለቴን ልብ ይበሉ። የደከመ የዘይት ፖምፓም፣ የቀጠነ ዘይትም፣ የተበላሸ የመብራቱ መቈጣጠሪያም ይህንኑ ምልክት ያሳያሉ። ክራንክ ሻፍቱ ይለወጥ ከመባሉ በፊት ወጥቶ ይለካ።

የመጀመሪያው መለኪያ የሞተሩን ዓይነት ማወቅ ነው። በሞተሩ ላይ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ቍጥር ተመቶ ይገኛል። በ1960ዎቹ የአውሮፓ ዘመን በተሠሩት ላይ በ«ዲ» የሚጀምረው የ1200፣ በ«ኤፍ» የሚጀምረው የ1300፣ በ«ኤች» የሚጀምረው የ1500 ሞተር ነው። ሆኖም ይህ ቍጥር የሚነግረን የሞተሩን ትውልድ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተና ምን እንደ ተገባበት አይነግረንም። የ1200ው ክራንክ ሻፍት ፒስቶኑን የሚያስኬደው 64 ሚሊሜትር ነው፤ የ1300ው፣ የ1500ውና የ1600ው ግን 69 ሚሊሜትር ያስኬዳሉ። የአንገታቸው ውፍረት ተመሳሳይ ስለሆነ በዐይን ለማያውቃቸው ሰው መንታ ይመስላሉ።

ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩት። የ1200ው ሲሊንደር ስፋት 77 ሚሊሜትር ነው። የክቡን ስፋት አግኝተው በ64 ያባዙ፤ በአራት ሲሊንደርም ያባዙ፤ 1192 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይመጣል። በ64 ፈንታ 69 ቢያስገቡ 1285 ይሆናል፤ ይህም 1300 የምንለው ሞተር ነው። «እንዲያውም ኀይል ይጨምርልናል» ብሎ ረጅሙን በ1200 ሞተር ውስጥ የሚያስገባ ሰው ግን ፒስቶኑ የ5 ሚሊሜትሩን ግማሽ፣ ማለት 2.5 ሚሊሜትር፣ ከቀድሞው በላይ እንደሚወጣ ይወቅ። በላዩ ያለው ቴስታታ ነው። ሲሊንደሩ፣ ፒስቶኑና ቢየላው አብረው ካልታሰቡ ውጤቱ ግጭት ነው። ከ1960 በፊት ያለው የጥንቱ ሞተር ክራንክ ሻፍትማ ከናካቴው ሌላ ዓይነት ነው።

ይህ ነገር የቮልስ ብቻ አይደለም። በአንድ ወቅት የአዲስ አበባ ታክሲ የነበረው ፊያት 600ም ሁለት ልብ አለው። የመጀመሪያው ፒስቶኑን 56 ሚሊሜትር የሚያስኬድ 633 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው፤ ኋለኛው 63.5 ሚሊሜትር የሚያስኬድ 767 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። «የሰይቼንቶ ክራንክ ሻፍት ስጡኝ» ማለት «ጫማ ስጡኝ» ብሎ ቍጥሩን ሳይናገሩ እንደ መሄድ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ የአንገቶቹ ውፍረት ነው። ለዚህ ካሊፐር አይበቃም፤ የመቶኛ ሚሊሜትር የሚያነብ ማይክሮሜትር ያስፈልጋል። ከ1960 ወዲህ ባለው ቮልስ የቢየላው አንገት ገና ያልተነካ ሲሆን 55 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሲበላ በመፍጫ ድንጋይ እኩል ይሞረድና ወደ 54.75፣ ቀጥሎ ወደ 54.50፣ በመጨረሻም ወደ 54.25 ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ደረጃ ልኩ የሆነ ወፈር ያለ ብሮንዚና አለው። አንድ አንገት በሁለት አቅጣጫ ይለካል፤ አንዱ 54.90 ሌላው 54.80 ቢል አንገቱ ሞላላ ሆኗል ማለት ነው። በፋብሪካው ደንብ ከ0.03 ሚሊሜትር በላይ ሞላላነት አይፈቀድም። በዚህ ምሳሌ ትንሹ ንባብ 54.80 ስለሆነ ወደ 54.75 ማስሞረድ ይቻላል። ትንሹ 54.60 ቢሆን ኖሮ አንድ ደረጃ ዘሎ ወደ 54.50 መውረድ ግድ ነበር። ከአራቱ አንዱ ብቻ ቢበላም አራቱ አብረው ይወርዳሉ። ቀድሞ ወደ 54.25 የወረደ ሆኖ ዳግም ከተበላ ግን ዘመኑን ጨርሷል፤ ያን ጊዜ ሌላ መግዛት እውነተኛ ምክር ነው።

ሦስተኛው ጤንነቱ ነው። የተሰነጠቀ ክራንክ ሻፍት የቱንም ያህል ልኩ ቢያምር አይገዛም። በገመድ ተንጠልጥሎ በትንሽ መዶሻ ሲነካ እንደ ደወል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥ፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ይጠርጥሩት። በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ ተጠርጎ፣ የጠመኔ ዱቄት ሲነሰነስበት በስንጥቅ ውስጥ የቀረው ጋዝ ጠመኔውን አርሶ ቀጭን መስመር ያሳያል። ከሁሉ የሚታመነው በማግኔትና በብረት ዱቄት የሚደረገው ምርመራ ነው፤ የሚገኝበት ቦታ ካለ ክፍያው አይቈጭም። ቀጥሎ ሁለት ጫፉ ተደግፎ ሲዞር መጣመም አለመጣመሙ በሰዓት መለኪያ ይታያል። በመጨረሻም የቮላኖው ካስማዎች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ሞላላ አለመሆናቸው ይታያል፤ ከሰፉ ቮላኖው ይላወሳል።

እንግዲህ ከሦስቱ የትኛው ይመረጥ? የኔ ምክር እንዲህ ነው። የራስዎ ክራንክ ሻፍት ያልተሰነጠቀና ገና ሊሞረድ የሚችል ከሆነ እሱን ያስሞርዱ። ከሞተሩ ጋር አብሮ የኖረ ነው፤ ዓይነቱ አያጠራጥርም፤ ቮላኖውም ይስማማዋል። ከሞራጁ ግን ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛ፣ አንገቱ ከጎኑ ከሚነሣው ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ክብ ተደርጎ ይተው፤ ስል ማዕዘን የስንጥቅ መነሻ ነውና። ሁለተኛ፣ የዘይት ቀዳዳዎቹ አፋቸው ይለስልስ፣ ውስጣቸውም በሽቦ ብሩሽና በጋዝ ታጥቦ በአየር ይነፋ። የመፍጫው ድንጋይ ዱቄት በቀዳዳው ከቀረ አዲሱን ብሮንዚና በጥቂት ቀን ይበላዋል።

የራስዎ የማይሆን ከሆነ ከሌላ ሞተር የወጣ የፋብሪካው አሮጌ ሁለተኛው ምርጫ ነው፤ ነገር ግን ሻጩ ከመከፈሉ በፊት በማይክሮሜትር ማስለካትን የሚፈቅድ ይሁን። «ስታንዳርድ ነው» የሚለው ቃል ንባብ አይደለም። አስመስሎ የተሠራ አዲስ ሦስተኛው ነው። ከእነዚህ መካከል ደኅናም አለ፣ ደካማም አለ። የቮልስ ፋብሪካ የሚሠራው ብረቱን ቀጥቅጦ ነበር፤ ርካሹ ግን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሊሆን ይችላል። በአንገቶቹ መካከል ያለውን ያልተሞረደ ጎን ይመልከቱ፤ የተቀጠቀጠው ሰፊ የመገጣጠሚያ ጠባሳ ይኖረዋል፤ የፈሰሰው ቀጭን መስመር ብቻ ያሳያል። አዲስ ነው ተብሎ መለኪያ አይለፈው፤ እሱም ይለካ፣ እሱም ይታጠብ።

ብሮንዚና ለመግዛት ሲላኩ አንድ ቍጥር ብቻ ይዘው አይሂዱ። በቮልስ ዋና ብሮንዚና ላይ የሚጠየቀው ሦስት ነው። የክራንክ ሻፍቱ ዋና አንገት ወደ ስንት ወርዷል? የሞተሩ ቤት መቀመጫ እንደ ፋብሪካው ነው ወይስ ቀድሞ 0.5 ወይም 1 ሚሊሜትር ሰፍቷል? በቮላኖው በኩል ያለው የብሮንዚናው ጎን ስንት ነው? የሞተሩ ቤት ከማግኔዚየም ቅይጥ የተሠራ ለስላሳ ስለሆነ መቀመጫው እየተቀጠቀጠ ይሰፋል። በሰፋ መቀመጫ ላይ ውድ ክራንክ ሻፍት ማስቀመጥ በተናጋ መሠረት ላይ አዲስ ጣሪያ እንደ መሥራት ነው፤ ስለዚህ ቤቱም አብሮ ይለካ።

አሁን ደግሞ ስለ አነጋገሩ ጥቂት ልበል። ጋራዥ የሚሄደው የተማረ ልጅ ሁለት ዓይነት ጥፋት ሲያጠፋ ይታያል። አንዱ መካኒኩን በሌባ ዐይን ማየት ነው፤ ሌላው ዝም ብሎ ሁሉን መቀበል ነው። ሁለቱም የሚመጡት ካለመጠየቅ ነው። እንዲህ ቢባልስ?

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? የቢየላው አንገት ስንት ሆኖ ተገኘ?»

«አልቋል አልኩህ እኮ፣ ልጄ።»

«እሺ ጋሼ፤ ለአባቴ እንዳስረዳ ቍጥሩን ቢነግሩኝና ብጽፈው? አራቱንም።»

ይህ ስድብ አይደለም፤ ለሙያው ክብር መስጠት ነው። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ቍጥር ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ ማይክሮሜትሩን አውጥቶ ያሳያል። ማይክሮሜትር የሌለው ከሆነ ወደ ሬክቲፊካ ቤት ሄዶ ማስለካት ነው። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅ በሙያው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖ ሳለ ዛሬም ከመካከላችን እጁ ዘይት የነካውን ሰው ዝቅ አድርጎ የሚያይ አለ። አዳማ ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ የተከፈተባት፣ ዛሬም የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። በክፍል ውስጥ የክብን ስፋት ያሰላ ልጅ ሲሊንደር ውስጥ ያንኑ ክብ ሲያገኘው ሊሸሸው አይገባም።

ሞተሩ ሲገጠምም አንድ ቍጥር ይጠይቁ። ቮላኖው ታስሮ ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋ የሚንቀሳቀሰው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ የሚስተካከለውም ከቮላኖው ጀርባ በሚገቡ ሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች ነው። ከዚህ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች ሞተሩን ሳያስጨንቁ ይንዱ፤ ከዚያም ዘይቱን ይለውጡ፣ ወንፊቱን ያጽዱ፤ በአቧራ መንገድ የሚመላለሱ ከሆነ የአየር ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ ይመልከቱ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። ስለዚህ ነገ ወደ ጋራዥ የሚላኩ አንባቢ ቢኖሩ፣ አንዲት ቍራጭ ወረቀት ይያዙና እነዚህን ይጻፉባት፤ የሞተሩ ፊደልና ቍጥር፣ የፒስቶኑ ጉዞ፣ የአራቱ የቢየላ አንገቶች ንባብ፣ የዋናዎቹ አንገቶች ንባብ፣ የሞተሩ ቤት መቀመጫ፣ ስንጥቅ ተመርምሮ እንደ ሆነ። ስድስቱ መስመሮች እስኪሞሉ ድረስ ገንዘቡ በኪስዎ ይቈይ። ወረቀቷንም ከሞተሩ ሥራ በኋላ አይጣሏት፤ ከመኪናው ሊብሬ ጋር ያስቀምጧት፤ ከዓመታት በኋላ ያንን ሞተር የሚከፍተው ሰው ያመሰግንዎታል።

ለሚመጣው ሳምንት በሰላም ያገናኘን።